የድሮ ቴምብር ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ መቀሱን አስቀምጡት

«የጃንሆይ ቴምብር አለኝ፤ ስንት ሚሊዮን ያወጣል?» ደሴ ውስጥ ቴምብር እንደምሰበስብ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። መመለሱ ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ይለይለት።

«የጃንሆይ ምስል ካለበት ሀብት ነው።» አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ለአሥርት ዓመታት ቴምብር በብዛት ታትሟል። አብዛኛው ዛሬም በርካሽ ይገኛል።

«አሮጌ ከሆነ ውድ ነው።» ዋጋውን የሚወስነው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ስንት ቀርቷል? ስንት ሰው ይፈልገዋል? በምን ይዞታ ላይ ነው? የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጡት ጥቁሩ አንድ ፔኒ፣ ወደ 68 ሚሊዮን ገደማ ታትሟል። ስለዚህ እንደ ስሙ ብርቅ አይደለም። በተቃራኒው የብሪቲሽ ጊያና የ1856 አንድ ሳንቲም ቴምብር የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው። በ2021 ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

«የፖስታ ቤት ማኅተም ያረፈበት ቴምብር ዋጋ የለውም።» ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። የእኛን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡ ሰባት ናቸው። አራቱ የአፄ ምኒልክ ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ አለባቸው። የታተሙት ፓሪስ ነው። ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በቀጥታ አውሮፓ ሰብሳቢዎች እጅ ገቡ። ስለዚህ ማኅተም ያላረፈበት በቀላሉ ይገኛል፤ ውድ የሚሆነው በእውነት ደብዳቤ ያጓጓዘው ነው። ይህን የሚያውቁ አጭበርባሪዎች ደግሞ በንጹሑ ቴምብር ላይ የሐሰት ማኅተም ይመታሉ። እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 በቴምብሩ ላይ ተደርበው የተመቱት «ቦስታ» እና «መልክት» የሚሉት ጽሑፎችም በብዛት ተመስለው ተሠርተዋል። አይታችሁ ብቻ አትደሰቱ፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ቴምብሩን ከፖስታው ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ።»

አንዲት እናት ከሸዋ በር በላስቲክ ከረጢት ሙሉ ቴምብር ይዘውልኝ መጡ። የሟች አባታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ከአሰብ ጋር ይጻጻፉ ነበር። «ጋሼ፣ ቆሻሻውን ወረቀት ጥዬ ቴምብሩን ብቻ አመጣሁልዎ» አሉኝ። ቆሻሻ ያሉት የአባታቸው ደብዳቤ የገባበት ፖስታ ነበር። ቴምብሮቹ ተራ ናቸው። ማኅተሙ ግማሹ በመቀስ ተቆርጧል፤ ከየት ከተማ እንደተላከ፣ መቼ እንደደረሰ አይነበብም። ፖስታው ላይ የነበረው ስም፣ አድራሻ፣ የመንገዱ ማኅተም ሁሉ ጠፍቷል። ሊገዛ የሚችል ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ነበር።

ለምን? ምክንያቱም ቴምብር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ፖስታው ግን መንገዱን ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በኖቬምበር 1908 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከድንበር ውጭ አያገለግልም ነበር። ወደ አውሮፓ በጅቡቲ በኩል ለሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳዮችም ቴምብር ይጨመርበታል። ሁለቱ ቴምብሮች አንድ ፖስታ ላይ አብረው ሲገኙ ሰብሳቢ እንቅልፍ ያጣል። ነጣጥላችሁ ስትቆርጧቸው ግን ሁለት ተራ ቴምብሮች ናቸው። በጣልያን ዘመን ከደሴ የተላከ ፖስታም እንዲሁ ነው። ቴምብሩ እንደ ልብ ይገኛል፤ የደሴ ማኅተም በግልጽ ያረፈበት ሙሉ ፖስታ ግን ተፈላጊ ነው። የከተማችን የቀድሞ ነጋዴዎች ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ፖስታ እስካሁን አለ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሳጥን ስትከፍቱ መቀስ አትያዙ። ውሃ ውስጥም አትንከሩ። በካውያ አትተኩሱት። ፖስታውን ከነደብዳቤው፣ ከነቆሻሻው እንዳለ አቆዩት።

«ላሚኔት ካደረግሁት አይበላሽም።» ላሚኔት የተደረገ ቴምብር ለሰብሳቢ አብቅቶለታል። ፕላስተርም እንደዚያው። የተቀደደውን በሙጫ መጠገንም አያስፈልግም።

«እንስሳት ያሉበት የ1919 (እ.ኤ.አ.) ቴምብር እጅግ ብርቅ ነው።» ቀጭኔ፣ ነብር፣ ዝሆን ያሉበት ያ ውብ ተከታታይ በኋላ በብዛት እንደገና ታትሟል። የፊቱ ምስል ብቻ አያሳምንም። ጀርባውን አዙሩ። የመጀመሪያው እትም ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የድጋሚው ቡናማ ሆኖ ይሰነጣጠቃል።

«ኢንተርኔት ላይ አምስት ሺህ ዶላር ተብሎ አይቻለሁ።» ሻጭ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። ካታሎግ (የቴምብር ዋጋ መዝገብ) ላይ ያለው ዋጋም የጠርዙ ጥርሶች ሙሉ ለሆኑ፣ ላልተቀደደና ላልደበዘዘ ነው። አንዲት ጥርስ ከጎደለች ገዢው ወዲያው ዋጋ ይቀንሳል።

ስለ አቀማመጥም ልናገር። የደሴ ክረምት እርጥብ ነው፤ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ይረጥባል። ጀርባው ሙጫ ያለበት ቴምብር እርስ በርሱ ይጣበቃል። ላስቲክ ውስጥ አትቋጥሩት። ደረቅ ቦታ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ በንጹሕ ወረቀት መሐል አኑሩት። በላብ እጅ አትንኩት፤ ጫፉ ለስላሳ በሆነ መቆንጠጫ ያዙት።

ፎቶ ስትልኩልኝም ፊቱንም ጀርባውንም፣ ፖስታ ካለው ከነሙሉ ፖስታው አንሱት። ጀርባውን ሳላይ ዋጋ አልናገርም።