«ኬሚካል ተጣለ» ሲባል

ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ቪዲዮው ላይ ከተራራ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። «ኬሚካል ነው!» አለኝ።

ቃሉ ያስደነግጣል፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነበብን ሕዝብ ነን። ግን ጭስ ሁሉ ኬሚካል መሣሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የኬሚካል መሣሪያ ስምምነት የሚከለክለው በመርዝነቱ ሰው ለመግደል ወይም ለመጉዳት የታሰበውን ነው። አየር ሲነካው ተቀጣጥሎ ነጭ ጭስ የሚያወጣው ነጭ ፎስፈረስ ግን በዋናነት የሚጎዳው በማቃጠል ነው። ሥጋን እስከ አጥንት ይበላል፤ እንደ ተቀጣጣይ መሣሪያ ሲጣል የሚታየው በሌላ ሕግ ነው። የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ ወዲያው አያሳምምም። ቆዳ ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም። የት፣ መቼ ተቀረጸ? ቁስሉን ያየ ሐኪም አለ? የአፈር ናሙናስ ተመረመረ?

የአክስቴን ልጅ ማን እንደላከለት ጠየቅሁት። «እኔም ከሰው ነው ያገኘሁት» አለኝ።