ስቲል ላይፍ በዘመኑ አውደ ርዕይ፣ ከጅማ ዕቃዎች ጋር

ስቲል ላይፍ ሰው የማይታይበት የሥዕል ዘርፍ ነው። ጠረጴዛ ላይ ፍራፍሬ፣ ጠርሙስ፣ አበባ ወይም ዳቦ ይቀመጥና እሱ ይሳላል። ሥዕል የተማረ ሁሉ ማሰሮና ጨርቅ ፊቱ ተደቅኖለት በዚህ ያልፋል። ለዚህም ይመስላል ብዙ ሰው የጀማሪ ልምምድ አድርጎ የሚያየው።

ዘርፉ በደንብ የጎላው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። የባሕር ንግድ ነጋዴውን አበልጽጎት ነበር። የተላጠ ሎሚ፣ የብር ጽዋና የቻይና ሳህን ሀብቱን ያሳያሉ። አንዳንዴ አጠገባቸው የራስ ቅል ይቀመጣል፤ ሁሉም አላፊ ነው ለማለት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበት የሰም ጨርቅ ሥዕሉ ላይ ለጠፈ፤ ዙሪያውን ደግሞ በገመድ ከበበው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 ከነጭራሹ የወንድ መሽኛ ገዝቶ ለአውደ ርዕይ አቀረበ። አልታየለትም፤ ወሬው ግን እስካሁን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ሳም ቴይለር ዉድ ፍራፍሬ በሳህን አስቀምጣ ሲበሰብስ በቪዲዮ አሳየች። ጥያቄው «እንዴት ተሳለ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ዕቃ ከየት መጣ? መጨረሻውስ?» ሆነ።

በእኛም አገር ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒውተር ቦርድና ሽቦ እየገጣጠመ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል። ስቲል ላይፍ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ጉዳዩ ግን ያው የዕቃ ዕጣ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ጅማ እንምጣ። ከተማዋ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ ሚስማርም ሙጫም አያውቅም። ሦስት እግር ስላለው ወጣ ገባ መሬት ላይም አይወላገድም። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ነው። ዘመን ሲቆጥር ጎድጓዳው እየጠቆረ ይለሰልሳል፤ ጠርዙ ግን ሻካራ እንደሆነ ይቀራል። ማን ስንት ዓመት እንደተቀመጠበት እንጨቱ ራሱ ይናገራል። ለሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ጅማ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች አሉ። ሙዚየም ዕቃን ከባለቤቱ ስም ጋር ያሳያል። ስቲል ላይፍ ስሙን ያነሳና ቅርጹን፣ ብርሃኑንና ጭረቱን ብቻ ይተዋል። ያው ዕቃ በሁለቱ ቦታ የተለያየ ነገር ነው የሚሆነው፤ የዘመኑ የአውደ ርዕይ አዘጋጆች በዚህ ልዩነት መጫወት ይወዳሉ።

ጀበናው ላይ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል። ቡና ቤቱ ሁሉ ግድግዳው ላይ የጀበና ሥዕል አለው፤ ጭሱ እየተጥመለመለ፣ ስኒው ረከቦት ላይ ተደርድሮ፣ ቄጠማው አረንጓዴ። ቆንጆ ነው፣ ግን ዓይን ለምዶት አልፎት ይሄዳል። ከሥዕሉ ሥር ያለው ጠረጴዛ የበለጠ ያወራል። ጆሮው የተሰበረ ስኒ፣ አተላ የደረቀበት ማንኪያ፣ ፔርሙዝ፣ ክዳኑ የጠፋ ቢጫ ጄሪካን። ቡና አብቃይ አገር ሆኖ ቡናውን ከፔርሙዝ መቅዳት ራሱ ጉዳይ ነው። ስቲል ላይፍን እንደገና እንየው የሚል ሰው ጀበናውን ለቱሪስት ትቶ ከፔርሙዙ ቢጀምር ይሻላል።