«5 ቀን በረዶ ይይዛል» ማለት ምን ማለት ነው?

ኩለር፣ ማለትም ምግብና መጠጥ በበረዶ የሚያዝበት ሳጥን፣ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይህ ቁጥር አይጠፋም። አንዱ ላይ «3 ቀን»፣ ሌላው ላይ «5 ቀን»፣ ወፍራሙ ላይ ደግሞ «10 ቀን በረዶ ይይዛል» ተብሎ ተጽፏል። ገዢው ቁጥሩን እንደ ዋስትና ቆጥሮ ይገዛና ላንጋኖ ወይም አዋሽ ይወርዳል። በማግስቱ ማታ ክዳኑን ሲከፍት ሥጋው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ያገኘዋል። ከዚያ «ተጭበረበርኩ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አላጭበረበረውም። ቁጥሩን ያነበበው የሳጥኑ ጠባይ አድርጎ ነው፤ ቁጥሩ ግን የሳጥኑ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ከመኪና ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚስበውን እንተወውና፣ ተራው ኩለር ምንም ነገር አያቀዘቅዝም። ጋቢ ሰውን እንደማያሞቅ ማለት ነው። ሙቀቱ የለባሹ ነው፤ ጋቢው ቶሎ እንዳያመልጥ ያዘገየዋል። ድንጋይ ላይ ጋቢ ቢደርቡበት ድንጋዩ አይሞቅም። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ትልቁን ሥራ የሚሠራው በክሮቹና በድርቦቹ መሃል ተይዞ የቀረው አየር ነው። በኩለሩ ግድግዳ ውስጥ ያለው ፎምም የሚሠራው እንዲሁ ነው፦ በጥቃቅን አረፋዎች ውስጥ ጋዝ ታስሯል፣ ሙቀት ደግሞ በቆመ ጋዝ ውስጥ በቀላሉ አይሄድም። ድርቡ ሲጨምር ሙቀቱ ይበልጥ ይዘገያል፤ ማስቆም ግን የሚችል ጋቢም ኩለርም የለም።

ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «በቀን ስንት ኪሎ በረዶ ይበላል?» ነው። ውስጡ 50 በ30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ የ45 ሊትር ሳጥን እንውሰድ። በስድስቱም ፊት 4 ሳንቲሜትር ፖሊዩሬቴን ፎም አለው እንበል። ቆላ ላይ የውጭው አየር በአማካይ 30 ዲግሪ፣ ውስጡ 0 ሲሆን ወደ 18 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ቀን ከሌት ይገባል። 1 ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎጁል ይፈልጋል። በ24 ሰዓት ሲሰላ 4.6 ኪሎ በረዶ ይሄዳል ማለት ነው። ግድግዳው 2 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን ከ8 ኪሎ በላይ ይሄድ ነበር። ያንኑ ባለ 4 ሳንቲሜትር ሳጥን የቀንና የሌሊቱ አማካይ 16 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት አዲስ አበባ ብናስቀምጠው 2.5 ኪሎ ይበቃዋል።

እንግዲህ 23 ኪሎ በረዶ ብንጨምርበት ቆላ ላይ 5 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ቀን ይቆያል። 10 ኪሎ ብቻ ብንጨምርበት ቆላ ላይ ከ2 ቀን ብዙም አያልፍም። ሳጥኑ አልተለወጠም። ይህ እንግዲህ ክዳኑ ሳይከፈት፣ ፀሐይ ሳያርፍበት ነው። 23 ኪሎ የተሰባበረ በረዶ ደግሞ ያንን ሳጥን እስከ አፉ ሊሞላው ምንም አይቀረውም፤ ለምግብ የሚተርፍ ቦታ የለም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በእንዲህ ዓይነት አሞላል ነው።

«እንግዲያው ቁጥሩ ውሸት ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው አለ፤ እሱም አልተረዳውም። ጉድለቱ አለካኩ አለመነገሩ ነው። ክትባት ሳይሞቅ ከቦታ ቦታ በሚጓጓዝበት የቅዝቃዜ ሰንሰለት ውስጥ ይህ ጥያቄ ከተፈታ ቆይቷል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት መሠረት ባዶው ሳጥን መጀመሪያ በ43 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ የረጉ አይስ ፓኮች (ውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች) ይገቡበታል። ክዳኑ ከተዘጋበት ጊዜ አንስቶ፣ ክትባቱ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሞቃት የሆነው ቦታ 10 ዲግሪ እስኪደርስ ያለው ሰዓት ይቆጠራል። የረጅም ርቀት የሚባለው ኮልድ ቦክስ (ትልቁ የክትባት ሳጥን) ቢያንስ 96 ሰዓት፣ የአጭር ርቀቱ 48 ሰዓት መቆየት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በትከሻቸው የሚያንጠለጥሉት ትንሹ ቫክሲን ካሪየር የረጅም ርቀት ከሆነ 30፣ የአጭር ርቀት ከሆነ 15 ሰዓት ይጠበቅበታል። የሽርሽር ኩለር ሻጭ ግን በስንት ዲግሪ እንደለካ፣ ስንት ኪሎ እንደጨመረ፣ ቆጠራውንም የት እንዳቆመ የመናገር ግዴታ የለበትም። ቆጠራው የመጨረሻዋ የበረዶ ስባሪ እስክትጠፋ ከሄደ፣ ከላይ የተቀመጠው ሥጋ ከ5 ዲግሪ ያለፈው ከዚያ ብዙ ሰዓት ቀድሞ ሊሆን ይችላል።

በረዶውን ከሁሉ በላይ የሚጨርሰው ደግሞ ግድግዳው ሳይሆን የሚጨመረው ሙቅ ዕቃ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። 24 ባለ ግማሽ ሊትር ውኃ ከ25 ወደ 2 ዲግሪ ለማውረድ 3.5 ኪሎ ያህል በረዶ ይቀልጣል፤ ያ ጉዞው ሳይጀመር የጠፋ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ 10 ኪሎ የሚመዝን ወፍራም ሳጥንም ራሱ ሌላ 1 ኪሎ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ መጠጡና ምግቡ ማታውን ፍሪጅ ይደሩ፤ ሳጥኑም ሁለት የረጉ ሃይላንዶች ይግቡበትና ተዘግቶ ይደር። ሃይላንዱን ባለ 2 ሊትሩን አድርጉት፤ ውኃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ እስከ አንገቱ አትሙሉት። ትልቅ ብሎክ ከስባሪ በረዶ የበለጠ ይቆያል፤ ለሙቀት የሚጋለጠው ገጹ ያንሳልና። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ ፍሪዘር የወጣ በረዶ ደግሞ መቅለጥ ከጀመረው በ11 በመቶ ያህል የበለጠ ሙቀት ይወስዳል።

ሲገዙ ማስመሪያ ይዞ መሄድ ከማስታወቂያው ይሻላል። የውጭውን ወርድ ለክታችሁ የውስጡን ቀንሱና ለ2 አካፍሉ፤ የግድግዳው ውፍረት ያ ነው። ቀጥሎ ክዳኑን በጣት አንኳኩ። ጎኑ ወፍራም ሆኖ ክዳኑ ግን ፎም የሌለበት ባዶ የሆነ ኩለር በጣም ብዙ ነው። «ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ክዳኑ ግድ የለውም» የሚሉ አሉ። አየሩ እንደሚወርድ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙቀት በክዳኑ ፕላስቲክ አልፎ ይገባል፣ ክዳኑም ከውስጡ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው። ባዶ ክዳን ጋቢ ለብሶ ትከሻን እንደ መግለጥ ነው።

ከዚያ የጠርዙን ጎማ ፈትሹ። ደረሰኝ በሚያህል ወረቀት ላይ ክዳኑን ዝጉና ሳቡት፤ ያዝ ሊያደርጋችሁ ይገባል። አራቱንም ጎን፣ በተለይ ማጠፊያው ያለበትን ጥግ ሞክሩ፤ ጎማው ብዙ ጊዜ የሚላላው እዚያ ነው። ማጠፊያው በዘንግ የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል፤ እየታጠፈ የሚሠራ ስስ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል። ከውስጥ ደግሞ የውኃ መውጫው ዙሪያ ስንጥቅ አለመኖሩን በባትሪ መብራት አይታችሁ አረጋግጡ። በዚያ በኩል ውኃ ፎሙ ውስጥ ከገባ ሳጥኑ አለቀለት። ውኃ ሙቀትን ከፎም ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋልና የራሰ ፎም እንደ ራሰ ጋቢ ነው፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ ጥቅሙ ይቀራል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አንሥታችሁ አወዛውዙት።

ውፍረት ሁሌም ጥሩ ነው ማለት ደግሞ አይደለም። ብርዱ ራሱ ግማሹን ሥራ በሚሠራበት በሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃበር ለሚያድር ሰው ወፍራም ሳጥን መሸከም ትርፍ ድካም ነው። ዳናክል ለሚወርድ ግን ከ5 ሳንቲሜትር ያነሰ ግድግዳ አይመከርም።

ስለ ጨው የሚነገረውም መታረም አለበት። ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች ያወርደዋል፣ የሚቀልጠውን ግን ያፋጥነዋል። ቢራ በግማሽ ሰዓት ለማቀዝቀዝ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በረዶ ለማቆየት የሚጨምረው ሰው ተቃራኒውን እያደረገ ነው። የቀለጠውን ውኃ ቶሎ ቶሎ መድፋትም እንዲሁ። ውስጡ በረዶ እስካለ ድረስ ውኃው 0 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጠርሙሱንም ከአየር በተሻለ ይነካዋል፤ ስትደፉት ቦታውን ሞቃት አየር ይይዘዋል። ውኃው መደፋት ያለበት ምግብ የሚነካ ከሆነ ነው።

ለጥሬ ሥጋና ለክትፎ የተያዘ ሥጋ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ በረዶው ላይ ሳይሆን በረዶው መሃል ይቀበር። የኩለር ቅዝቃዜ ተዋስያንን አይገድልም፣ መራባታቸውን ብቻ ያዘገያል፤ የኮሶ ትልንም አይገድልም።

ኢንሱሊን ለያዘ ሰው አደጋው የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ አይስ ፓክ ከዜሮ በታች ስለሆነ የነካውን ያረጋዋል፤ ፔንታቫለንትን (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የሕፃናት ክትባት) የመሳሰሉ ክትባቶችም በመንገድ ላይ የሚበላሹት በዚህ ምክንያት ነው። አይስ ፓኩ ሲወዘወዝ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ውጭ ይቆይ፣ ከዚያ ይግባ፤ ኢንሱሊኑም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበረዶው ይራቅ። አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢሟሟም መልሶ አይሠራም፤ ይጣላል።