ፈቢንግ ምንድን ነው? «እየሰማሁህ ነው» ለምን መልስ አይሆንም?

ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ስልክ መነካካትና አጠገብ ያለውን ሰው ችላ ማለት ፈቢንግ ይባላል። ከስልክ ሱስ ጋር እያምታቱ የሚጽፉ በዝተዋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚውል ሰው ሲያወሩት ኪሱ ከከተተው ፈቢንግ የለበትም። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ የሚጠቀም ደግሞ አሥሯንም ሚስቱ ስታወራው ካጠፋት አለበት።

ከሁሉም የሚያናድደው ግን «ጆሮዬ አንተ ጋ ነው፤ ያልከውን ቃል በቃል ልድገምልህ» የሚለው ነው። ስልክ እያዩም በደንብ ማዳመጥ ይቻላል ለማለት ይህንኑ እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡ አሉ። መድገም ይችሉ ይሆናል። ጉዳቱ ያለው ግን ተናጋሪው ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኔት ባቬላስና ባልደረቦቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ለጥቂት የተረፉበትን አደጋ ለማያውቁት ሰው ይተርካሉ። አንዳንዶቹ አድማጮች ተራኪው ከሚናገራቸው ቃላት በአንድ የተወሰነ ፊደል የሚጀምሩትን እንዲለዩ ታዘዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ አድማጮች እያንዳንዱን ቃል ሰምተዋል! ታሪኩ ግን ተበላሸ፤ በተለይ መጨረሻው። ተራኪዎቹ በድንገት አቋረጡ፣ ፍጻሜውን ደጋገሙ፣ ግልጽ የሆነውን አደጋ «አያችሁ፣ ለጥቂት እኮ ነው» እያሉ ማስረዳት ገቡ።

ንግግር ረጅም ጠረጴዛ ለሁለት ይዞ ደረጃ እንደ መውረድ ነው። ተናጋሪው የኋሊት የሚወርደው ነው፤ መታጠፊያውን የሚያውቀው ከላይ ከያዘው ሰው ፊት ነው። ያኛው ዓይኑን ቢያዞር «ይዣለሁ» ማለቱ ሐሰት አይደለም። የታችኛው ግን እርምጃውን ያሳጥራል፣ ይቆማል፣ በመጨረሻ ጠረጴዛውን መሃል ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። በወሬ መሃል ያ ፊት «ውይ!» ነው፣ ቅንድብ ማንሳት ነው፣ በሰዓቱ መደንገጥ ነው። ዓይን ስክሪን ላይ ሲሆን የሚቀረው ያለ ቦታው የሚወጣ «እሺ... እሺ» ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ መታየቱ ብቻ ቅርበትን ይቀንሳል የሚለውን ታዋቂ ግኝት በኋላ የደገሙ ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት አላገኙም። ባለትዳሮች ላይ የተሠሩት ጥናቶችም አብዛኞቹ መጠይቆች ናቸው፤ ስልኩ ኩርፊያ አመጣ ወይስ የተኳረፉት ስልክ ውስጥ ተደበቁ የሚለውን አይለዩም። አብሮ አንድ ቪዲዮ ማየትማ ፈቢንግ አይደለም።

የግድ የሚታይ መልእክት ካለ ስልኩን ከማንሳት በፊት ይነገር፤ «ከሥራ የመጣ መልእክት ልመልስ፣ አንድ ደቂቃ»። ያኔ ሁለቱም ጠረጴዛውን አብረው ያወርዱታል። እየጻፉ መናገር ግን ዘግይቷል፤ ሰውየው ክብደቱን ብቻውን ይዞ ቆሟል። አስቸኳይ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን «አትረብሹኝ» (Do Not Disturb) ላይ አድርጎ የተመረጡ ቁጥሮች ብቻ እንዲጠሩ ያስተካክል፤ እያንዳንዱን ድምፅ ማየት አያስፈልገውም። ሲመለሱ ደግሞ ስታወራ የነበረችውን ሚስት «ቀጥይ» ማለት አይበቃም፤ የት እንደቆመች ራሷ እንድትፈልግ ያደርጋታልና ብዙ ጊዜ «ተወው፣ ይሄው ነው» ብላ ታሳጥረዋለች። የመጨረሻውን ነጥብ መልሶ ማቀበል ነው፤ «ፍሬኑ እምቢ አለ ብለሽኝ ነበር፤ ከዚያስ?»