ንፍፊት ምንድን ነው? እግር ቆስሎ ብሽሽት ለምን ያብጣል?

ወሎ ገጠር ያደገ ሰው ንፍፊትን ያውቃታል፣ እሾህ ይወጋዋል ወይ እንቅፋት ይመታዋል፣ ቁስሉ ይመግላል፣ ከዛ በሁለት በሶስት ቀኑ ብሽሽቱ አብጦ እያነከሰ ነው ገበያ የሚወርደው። ያኔ ሁሉም ሀኪም ነው፣ አንዱ ቅቤ ቀብተህ እሸው ይላል አንዱ ይተኮስ ይላል፣ ቁስሉን ዞር ብሎ የሚያይ የለም ወላሂ።

ያበጠችው ነገር እኮ ድሮም እዛው የነበረች ናት። ሊምፍ ኖድ ትባላለች፣ ሰውነታችን ውስጥ ወደ 600 አካባቢ አሉ፣ አንገት ብብት ብሽሽት ሆድ ውስጥም ሳይቀር። ስራዋ እንደ ኬላ ነው፣ ከእግር የሚመጣው ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ወደ ደም ከመመለሱ በፊት በሷ በኩል ያልፋል፣ ባክቴሪያ ይዞ ከመጣ እዛ ይያዛል። የእጅ ቁስል ብብት፣ ቶንሲል ደግሞ አንገት የሚያሳብጠው ለዚህ ነው።

ውስጧ ምን ይካሄዳል? ቁስሉ ጋ ቀድመው የሚደርሱት ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ መሆኑን እንጂ የትኛው ጀርም እንደሆነ ለይተው አያውቁም፣ ያገኙትን ይውጣሉ ይሞታሉም፣ መግል የምንለው በብዛት እነሱው ናቸው። ዴንድሪቲክ የሚባሉት ግን የጀርሙን ቁራጭ ይዘው ወደ ንፍፊቷ ይሄዱና ቲ ሴል ለሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ፣ ቢ ሴል የሚባሉት ደግሞ እዛ የደረሰውን ጀርም ራሳቸው ይለያሉ፣ እያንዳንዱ ቲ ወይ ቢ ሴል የሚያውቀው አንድ ቅርፅ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ዝም ይላል፣ የሚገጥመው የተገኘ እለት ግን መባዛት ነው፣ አንዱ ሁለት ሁለቱ አራት እያለ ሺዎች ይሆናል፣ እብጠቱም ህመሙም በከፊል ከዚህ ነው። ለአዲስ ጀርም ይሄ ቀናት ይፈጃል፣ ከዛ ቢ ሴሎቹ አንቲቦዲ የሚባል ጀርሙ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ያመርታሉ። ከተባዙት ጥቂቶቹ ለዓመታት ይቀመጣሉ፣ ኩፍኝ አንዴ የያዘውን መልሶ የማይዘው፣ ክትባትም የሚሰራው በነሱ ነው።

ስለዚህ ማሸቱን ተዉት፣ መተኮስ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ቁስሉን በሳሙናና በንፁህ ውሃ እጠቡ፣ መግል ከያዘ ወይ ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ እሱ ሲድን ንፍፊቷም ትጎድላለች አብሽሩ።

ቁስል ሳይኖር አንገት ላይ ወጥታ ሳምንታት ከቆየች፣ በተለይ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሳል የለኝም ብሎ መቀመጥ አይሰራም፣ ቲቢ ሳምባ ብቻ አይደለም የሚይዘው። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይታያል፣ ከሆነም መድሃኒቱ ብዙ ጊዜ 6 ወር ነው፣ እና መድሃኒት ተጀምሮም እብጠቱ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፣ ሰውነት ለሞተው ባክቴሪያ ጭምር ስለሚቆጣ፣ ያኔ ለሀኪሙ መንገር እንጂ በራስ መድሃኒት ማቋረጥ የለም።