«በተቃርኖ ማስወገድ» ምንድን ነው? ግምት እያላችሁ የምትጠሩት ነገር

«ጌሙ ቆንጆ ነው፤ የወንበሩ እንቆቅልሽ ግን በግምት ካልሆነ አይፈታም።» የመቀመጫ እንቆቅልሽ፣ ማለትም ማን የት እንደተቀመጠ ከፍንጮች የሚፈለግበት ጨዋታ፣ በተነሣ ቁጥር ይህችን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ አይጠፋም። አንዳንዴም «ፍንጩ አይበቃም» የምትል ጭራ ይቀጥልላታል። ከዚያ ሌላው ይደግፈዋል፦ «ልክ ነህ፣ እኔም ዝም ብዬ አንዷን በግራ ጫፍ አስቀምጬ ሞከርኩ፣ አልሄደልኝም፤ ወደ ቀኝ ጫፍ ሳዛውራት ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።» ይህ ሁለተኛው ሰው እንቆቅልሹን በሥርዓቱ ፈትቶታል። የሠራውን ሥራ ስም ስለማያውቅ ግን ራሱን ገማች አድርጎ አረፈው።

ስሙ በተቃርኖ ማስወገድ ነው። አንድ ነገር እውነት ይሁን ብላችሁ ለጊዜው ትይዛላችሁ፤ ከፍንጮቹ ጋር እያጋጠማችሁ የሚያስከትለውን ትከተላላችሁ፤ ከአንዱ ፍንጭ ጋር ከተጋጨ የያዛችሁት ነገር ሐሰት ነው። «ሳይሆን አይቀርም» የለም፤ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል።

አማርኛችንም ለጭቅጭቁ አስተዋጽኦ አለው። «ግምት» ሆደ ሰፊ ቃል ነው። ዋጋ መተመን ግምት ነው፤ ያለ ማስረጃ መቁረጥም ግምት ነው፤ ለክርክር ያህል «እንዲህ ይሁን» ብሎ መነሣትም ያው ግምት ይባላል። ሦስተኛውን «ታሳቢ» ብንለው ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር። የሚገምት ሰው የያዘው ነገር ልክ እንዲሆንለት ይመኛል፤ ታሳቢ የያዘ ሰው ግን ሊያፈርሰው ነው የያዘው።

ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ረድፍ አምስት ወንበሮች አሉ፤ ከተመልካቹ ግራ ጀምሮ ከ1 እስከ 5 ተቆጥረዋል። የሚቀመጡት ዳኛው፣ ሐኪሟ፣ ሠዓሊው፣ መርከበኛውና ጋዜጠኛዋ ናቸው። ፍንጮቹ እነዚህ ናቸው፦ ሐኪሟ ከሠዓሊው ጎን በስተግራ ናት። ጋዜጠኛዋ ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ላይ ናት። ዳኛው ጫፍ ላይ አይደለም። መርከበኛውና ዳኛው ጎን ለጎን አይደሉም። መርከበኛውና ሠዓሊውም ጎን ለጎን አይደሉም።

አንዱም ፍንጭ «እገሌ ወንበር 3 ላይ ነው» አይልም። «አይበቃም» የሚያሰኘው ይኸው ነው፤ ግን ቁጥሩን እንይ። አምስት ሰው ያለ ምንም ፍንጭ በ120 መንገድ ይቀመጣል። ሐኪሟና ሠዓሊው ተጣብቀው እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጠሩ የመጀመሪያው ፍንጭ ብቻውን 120ውን ወደ 24 ያወርደዋል። ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 8፣ አራተኛው 2 ያደርሰዋል። አምስተኛው አንድ ብቻ ያስቀራል። ፍንጩ በልክ ነው፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም።

አሁን ጋዜጠኛዋ ወይ 1 ላይ ናት ወይ 5 ላይ። 1 ላይ ትሁን። ሐኪሟና ሠዓሊው የሚገቡበት ቦታ 2 እና 3፣ 3 እና 4፣ ወይም 4 እና 5 ነው። 2 እና 3 ላይ ከገቡ ለዳኛውና ለመርከበኛው 4 እና 5 ይቀራል፤ ጎን ለጎን ሆኑ፣ ፈረሰ። 4 እና 5 ላይ ከገቡ 2 እና 3 ይቀራል፤ ያው ነው፣ ፈረሰ። 3 እና 4 ላይ ከገቡ የሚቀረው 2 እና 5 ነው፤ ዳኛው ጫፍ ስለማይወድ 2ን ይይዛል፣ መርከበኛው 5ን። ነገር ግን 4 ላይ ሠዓሊው ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ፍንጭ ተጣሰ። ሦስቱም በር ተዘጋ። ስለዚህ ጋዜጠኛዋ 5 ላይ ናት። ልብ በሉ፣ 5ን ገና አልሞከርነውም፤ ግን ተረጋግጧል። ከዚህ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፦ ጥንዶቹ 1 እና 2ን ወይም 3 እና 4ን ቢይዙ ዳኛውና መርከበኛው ይጣበቃሉ። 2 እና 3 ብቻ ይቀራል፤ ዳኛው 4፣ መርከበኛው 1። ከግራ ወደ ቀኝ መርከበኛው፣ ሐኪሟ፣ ሠዓሊው፣ ዳኛው፣ ጋዜጠኛዋ።

ማስወገድን ግምት ከማለት በላይ የሚያናድደው ተቃራኒው ስሕተት ነው፦ ግምትን ማረጋገጫ ማለት። ያ ተጫዋች ዕድል ቀንቶት መጀመሪያ 5ን ቢሞክር ኖሮ ሁሉም ይገጥምለትና «አረጋገጥኩ» ብሎ ይነሣ ነበር። አላረጋገጠም። የገጠመ መልስ አገኘ እንጂ ሌላ የሚገጥም መልስ እንደሌለ አላሳየም። የመጨረሻውን ፍንጭ ሰርዙትና እዩት። በ5 የጀመረው ሰው ከላይ ያለውን አሰላለፍ ያገኛል። በ1 የጀመረው ደግሞ ጋዜጠኛዋ፣ ዳኛው፣ ሐኪሟ፣ ሠዓሊው፣ መርከበኛው የሚል ያገኛል። አራቱም ፍንጮች በሁለቱም ላይ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ሰዎች ይምላሉ። በዚህ ዘዴ «ተጋጨ» ማስረጃ ነው፤ «እስካሁን አልተጋጨም» ግን ምንም አይደለም።

በቁልፍ ዘለላ አስቡት። ከዘለላው አንዱ በሩን እንደሚከፍት ታውቃላችሁ እንበል። አልዞርም ያለ ቁልፍ ጊዜ አላባከነባችሁም፤ ከዘለላው ወጥቷል፣ ዳግመኛ አትነኩትም። ሁለት ቀርተው አንዱ እንቢ ካለ ሌላውን ሳትሞክሩት መክፈቻ ነው ማለት ትችላላችሁ፤ ግን «አንዱ ይከፍታል» የሚለው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። አንዱ ከከፈተ ደግሞ ሌላው አይከፍትም ማለት አይደለም፤ አንድ አይነት የተቀረጹ ሊሆኑ ይችላሉ። እንቢ ያለውም በተሳሳተ አቅጣጫ አዙራችሁት ሊሆን ይችላል፤ ፍንጭ አጣሞ ማንበብ ይህን ይመስላል። ከሁሉ የከፋው ቁልፉ ውስጥ ሲሰበር ነው፦ ታሳቢው ፈርሶ ሳለ በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ የጻፋችሁት ምልክት ወረቀቱ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚገባ ቁልፍ የለም። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፦ በር እንቢታውን ራሱ ይነግራችኋል፤ እንቆቅልሽ ግን ዝም ይላል፣ ግጭቱን ፈልጋችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ።

ስለ ወረቀቱ ካነሣን፣ ሰንጠረዡ አምስት በአምስት ይሁን፤ ሰዎቹ በቁመት፣ ወንበሮቹ በአግድም። የተረጋገጠ ነገር በእስክሪብቶ፣ ከታሳቢ የመጣ በእርሳስ። ታሳቢው ሲፈርስ እርሳሱ በሙሉ ይጠፋል፤ በእስክሪብቶ የሚገባው አንዲት ✗ ብቻ ናት፣ እሷም በታሳቢው ሳጥን ላይ። መነሻ የሚሆነው ሁለት አማራጭ ብቻ የቀረለት ሰው ነው። በምሳሌያችን ጋዜጠኛዋ የተመረጠችው ለዚህ ነው፤ ዳኛው ሦስት አማራጭ አለው፣ መርከበኛው አምስት። አንዱን ወገን አምስት ስድስት እርምጃ ተከትላችሁ ካልተጋጨ ተዉትና ሌላውን ወገን ሞክሩ። ሁለቱም ካልተጋጩ የተስማሙበትን ፈልጉ። የመጨረሻው ፍንጭ በተሰረዘበት እንቆቅልሽ እንኳ በሁለቱም መንገድ ዳኛው ከጋዜጠኛዋ ጎን ነው፤ ይህ በእስክሪብቶ ይጻፋል።

በታሳቢ ላይ ታሳቢ መደረብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጋዜጠኛዋ 1 ላይ ትሁን፤ ዳኛው ደግሞ 3 ላይ ይሁን» ብላችሁ ግጭት ብታገኙ የፈረሰው የትኛው ነው? ሁለቱ አብረው ሊቆሙ እንደማይችሉ ብቻ ነው የታወቀው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥሎ ይሄዳል። እሱን ለመጣል የዳኛው ሌሎች አማራጮችም በተራ መውደቅ አለባቸው።

«ፕሮግራመሮችስ ራሳቸው ግምት ይሉት የለ?» የሚል ይመጣል። አንዳንዶቹ ይላሉ። ዴቪስ፣ ሎጅማንና ላቭላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 ያወጡት የሎጂክ ፍለጋ ስልት እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ለአንድ ተለዋዋጭ (ገና ላልታወቀ ነገር) «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ዋጋ ይሰጣል፣ የሚያስከትለውን ይከተላል፣ ሲጋጭ ይመለሳል። ግን የትኛውን ዋጋ ቀድሞ መሞከር የፍጥነት ጉዳይ እንጂ የእውነት ጉዳይ አይደለም፤ በየትኛውም ቢጀምር መፍትሔ መኖር አለመኖሩ አይለወጥም። በግምት የተገኘ መልስ ግን በገማቹ ዕድል ይለወጣል። (ማንም ባይጠይቀኝም፦ ከሒሳብ ሰዎች «ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት» የሚለውን ሕግ የማይቀበሉ አሉ። አምስት ወንበር እያንዳንዱ ተቆጥሮ የሚያልቅ ስለሆነ የእነሱ ክርክር እኛን አይነካም።)

«ፍንጩ አይበቃም» ከሚሉት ብዙዎቹ አንድ ቃል የዘለሉ ናቸው። ከምሳሌያችን የመጀመሪያ ፍንጭ «ጎን» የምትለውን አውጡና «ሐኪሟ ከሠዓሊው በስተግራ ናት» ብላችሁ አንብቡት። አሁን በመካከላቸው ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አንድ የነበረው መልስ ሦስት ይሆናል። በቀድሞው ላይ መርከበኛው፣ ሐኪሟ፣ ዳኛው፣ ሠዓሊው፣ ጋዜጠኛዋ የሚለውና ጋዜጠኛዋ፣ መርከበኛው፣ ሐኪሟ፣ ዳኛው፣ ሠዓሊው የሚለው ይጨመራሉ። እንዲህ ያነበበ ሰው እስኪነጋ ቢያሰላስል አንዱን መምረጥ አይችልም፤ ከዚያ ደራሲውን ይረግማል። «በመካከል» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ ዳኛው በሁለቱ መካከል ነው ሲባል ተዋስነው ነው ወይስ ወዲያና ወዲህ ሆነው? ጌሙ በመግቢያው ካልነገራችሁ ሰፊውን ትርጉም ይዛችሁ ጀምሩ፤ ከአንድ በላይ መልስ ከቀረ ብቻ ወደ ጠባቡ ውረዱ።

የማን ግራ እንደሆነም ይታይ። ተቀማጮቹ ወደ እናንተ ዞረው ከታዩ የእነሱ ግራ የእናንተ ቀኝ ነው። በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊታቸውን ወደ መሐል አድርገው ሲቀመጡ የእያንዳንዱ ሰው ግራ፣ ከላይ ሲታይ፣ የሰዓት መቁጠሪያ በሚዞርበት አቅጣጫ ያለው ጎረቤቱ ነው። ክብ ላይ ቁጥሩም ይለወጣል፦ ስድስት ሰው በረድፍ በ720 መንገድ ይቀመጣል፤ በክብ ግን ሁሉም አንድ አንድ ወንበር ቢሻገሩ ያው ስለሆነ በ120። ፍንጮቹ በሙሉ «ከጎን» እና «ፊት ለፊት» ብቻ ከሆኑ ደግሞ መልሱ በመስታወት ተገልብጦም ይሠራል፤ ግራ፣ ቀኝ ወይም የወንበር ቁጥር የሚጠቅስ አንድ ፍንጭ እንኳ ከሌለ አንድ መልስ አለ ማለት አይቻልም።

እውነተኛ ግምት የለም አላልኩም። ማይንስዊፐር (ቁጥሮችን እያነበቡ ፈንጂ ያለበትን ሳጥን የሚለዩበት ጌም) ላይ ሁለት ሳጥን ቀርቶ ከአንዱ ሥር ፈንጂ ሲኖርና ቁጥሮቹ ሁለቱንም እኩል ሲፈቅዱ፣ ያ ግምት ነው፤ የሚጋጭ ነገር ስለሌለ የሚወገድ ነገር የለም። ሁለት መልስ ያለው የመቀመጫ እንቆቅልሽም፣ ጌሙ አንዱን ብቻ በውስጡ አስቀምጦ ከእሱ ጋር የሚያመሳስል ከሆነ፣ ያስገምታል። ጥፋቱ ያን ጊዜ የደራሲው ነው። ፍንጭ በፍንጭ እየፈተሸ የሚቀበል ጌም ከሆነ ግን ሁለቱም ያልፋሉ፤ ቅሬታ ከማቅረብ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ይገባል።

ዲስኦነርድ 2 (2016) በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ያለው የጂንዶሽ ቁልፍ፣ በር የሚያስከፍት የመቀመጫ እንቆቅልሽ፣ ስሙ በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል። በአንድ ረድፍ አምስት ሴቶች፣ ለእያንዳንዷ የልብስ ቀለም፣ የመጡበት ከተማ፣ መጠጥና የቤተሰብ ቅርስ። ስምን ጨምሮ አምስቱ ዓይነት ነገሮች ለአምስቱ ወንበሮች የሚከፋፈሉበት መንገድ 24,883,200,000 ነው። መልሱ በየጨዋታው ስለሚቀያየር የሌላን ሰው መልስ መቅዳትም አያዋጣም። ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን (2018)፣ የአንድ መርከብ ሰዎች ማን እንደሆኑና ምን እንደደረሰባቸው የሚጣራበት ጌም፣ በበኩሉ ገማችን የሚያባርርበት ዘዴ አለው፤ መልሶቻችሁን የሚያጸድቀው ሦስት ትክክለኛ ሲሞሉ በአንድነት ነው። ሁለቱን በእርግጥ የምታውቁ ከሆነ ግን ሦስተኛውን እየቀያየራችሁ መሞከር ይቻላል፤ ማጽደቂያው ሲመጣ ሦስተኛው ልክ ነበር ማለት ነው፣ ለምን ልክ እንደሆነ ግን አታውቁም።