የማረጋገጫ አድልዎ ምንድን ነው?

ከተማ ዳር መሬት ለመግዛት ቆርጦ የተነሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለገጣፎ ይሁን ሱሉልታ፣ ሰበታ ይሁን ገላን፣ ነገሩ አንድ ነው። ደላላው ቦታውን ያሳየዋል። ሰውየው ይወደዋል። ሳሎኑ የት እንደሚሆን፣ የግቢው በር ወደየት እንደሚዞር በልቡ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ነው «እስቲ ላጣራ» ብሎ የሚነሳው።

ማንን ይጠይቃል? መጀመሪያ ደላላውን። ቀጥሎ ከጎን ያለውን ቦታ አምና የገዛውን ሰው። እሱም «ምንም ችግር የለውም፣ እኛም ገዝተናል» ይለዋል። (ምን እንዲል ይጠበቃል? የራሱን ቦታ ዋጋ ያርክስ?) በመጨረሻ እዚያው ካለች ሱቅ ጎራ ብሎ ውሃ እየገዛ «ሰላም ሰፈር ነው አይደል?» ይላል። ሦስቱም አዎ አሉት። አጣርቻለሁ ብሎ ቀብድ ይከፍላል።

ካርታው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩን አልጠየቀም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሽጦ እንደሆነም አላየም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቅዳሜና እሁዱን ሁሉ በአቧራና በጭቃ ሲመላለስ ከርሟል። የለፋው ግን «አዎ» የሚል መልስ ለመሰብሰብ ነው።

ይህ ነገር በሥነ ልቦና የማረጋገጫ አድልዎ ይባላል። «ኮንፈርሜሽን ባያስ» ሲሉትም ሰምታችሁ ይሆናል። አንድ ነገር ካመንን በኋላ የሚደግፈንን እንፈልጋለን፣ የሚደግፈንን ቶሎ እናምናለን፣ የሚደግፈንን እናስታውሳለን። የሚቃወመን ሲመጣ ወይ አናየውም፣ ወይ ሰበብ እንፈልግለታለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ሳናውቀው ነው። የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቃል። መሬት ገዢው ግን ከልቡ አጣርቻለሁ ብሎ ነው የሚያምነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን። ጥሩ ነው። ጥርጣሬያችን ግን ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው ነው። ደላላውን የሚጠረጥር ሞልቷል፤ የራሱን ጉጉት የሚጠረጥር ግን ብዙ አላየሁም።

ነገሩን በደንብ ያሳየው ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ፒተር ዌሰን የሚባል ለንደን ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው የሠራው። ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንዱን ጓደኛችሁን እንዲህ በሉት፦ «በልቤ አንድ ደንብ ይዣለሁ። 2፣ 4፣ 6 ደንቡን ያሟላሉ። አንተ ሌላ ሦስት ሦስት ቁጥር እየጠራህ ጠይቀኝ። ያሟላል ወይም አያሟላም እልሃለሁ። እርግጠኛ ስትሆን ደንቡን ንገረኝ።»

አብዛኛው ሰው ወዲያው «ሁለት ሁለት እየጨመሩ መሄድ ነው» ብሎ ያስባል። ከዚያ 8፣ 10፣ 12 ይላል። ያሟላል። 20፣ 22፣ 24። ያሟላል። 100፣ 102፣ 104። እሱም ያሟላል። ደረቱን ነፍቶ ደንቡን ይናገራል፤ ተሳስቷል። የዌሰን ደንብ «እየጨመረ የሚሄድ ማንኛውም ሦስት ቁጥር» ነበር። 1፣ 2፣ 50 ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ «ያሟላል» ይባል ነበር፣ ግምቱም እዚያው ይፈርስ ነበር። ዌሰን ከፈተናቸው 29 ተማሪዎች መጀመሪያ በተናገሩት መልስ ደንቡን ያገኙት 6 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። 8፣ 10፣ 12 ብሎ የጠየቀ ሰው ግምቱ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም የሚያገኘው መልስ ያው ነው። ስለዚህ ከመልሱ ምንም አልተማረም። እየጠየቀ ያለ ይመስለዋል እንጂ እየጠየቀ አይደለም። «ሰላም ሰፈር ነው አይደል?» የሚለው ጥያቄም የመሬት ገዢው 8፣ 10፣ 12 ነው። ካርታው እውነተኛም ይሁን ፎርጅድ ባለሱቋ ያው «አዎ» ነው የምትለው።

ለነገሩ እንዲህ መጠየቅ ሁልጊዜ ሞኝነት አይደለም። ጥሩ ጎመን የምታገኙበትን ጉልት ካወቃችሁ ነገም እዚያው መሄድ ነው፤ የሌላውን ሁሉ ጎመን እየቀመሱ መዞር አያስፈልግም። ጣጣው የሚመጣው ስህተቱ ብዙ ሲያስከፍል ነው።

መፈለጉ ይህን ይመስላል። ያዩትን መተርጎሙ ደግሞ ይብሳል።

ኮዬ ፈጬም ይሁን ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው የውሃ ክርክር ያውቃል። አራተኛ ፎቅ ያሉ አንድ ጋሼ አሉ እንበል። «ውሃ የሚጠፋብን ታች ያለው ሰውዬ ቫልቩን እየዘጋ ሮቶውን ስለሚሞላ ነው» ይላሉ። ሰውየው ቫልቩ አጠገብ በታየ ቀን ውሃ ከጠፋ፣ «ይኸው!» ሰውየው ክፍለ ሀገር ሄዶ ውሃ ከጠፋ፣ «ልጁን አዝዞት ነው የሄደው»። ሰውየው ቤቱ ውሎ ውሃ ከመጣ፣ «ዛሬ አፍሮ ነው»። አያችሁ? ምንም ቢፈጠር ጋሼ ትክክል ናቸው። ማታ ጄሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚናደድበት ሰው ቢፈልግ አይፈረድበትም። ብቻ በዚህ ዓይነት ክርክር ሰውየው በእርግጥ ቫልቩን ይዝጋ አይዝጋ መቼም አይታወቅም። ዘበኛው ውሃ የመጣበትንና የጠፋበትን ሰዓት፣ የጎረቤት ብሎክንም ጨምሮ፣ በደብተር ቢይዝ ይታወቅ ነበር። ውሃው ከጎረቤት ብሎክም እኩል የሚጠፋ ከሆነ ቫልቩ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

የጋሼን ነገር ተመራማሪዎች በ1979 አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈትነውታል። 48 ተማሪዎችን መረጡ። ግማሾቹ የሞት ቅጣትን የሚደግፉ፣ ግማሾቹ የሚቃወሙ። ለሁሉም ሁለት ጥናት አስነበቧቸው። አንዱ የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንሳል ይላል፣ ሌላው አይቀንስም ይላል። ጥናቶቹ ለሙከራው የተፈጠሩ ናቸው። ሁሉም ያነበበው እኩል ስለሆነ ትንሽ ይቀራረባሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። የሆነው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን የሚደግፈውን ጥናት «በደንብ የተሠራ» አለው። የሚቃወመውን ደግሞ እንከኑን እየነቀሰ ጣለው። ሲጨርሱ ደጋፊዎቹ ይበልጥ ደጋፊ፣ ተቃዋሚዎቹ ይበልጥ ተቃዋሚ መሆናቸውን ተናገሩ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በ1984 የመጣው ቀጣይ ሥራ ነው። ለአንዱ ቡድን «እንደ ዳኛ ሁኑ፣ እባካችሁ ሳታዳሉ መዝኑ» ተባለ። ምንም ለውጥ አላመጣም። ለሌላው ቡድን ደግሞ በየደረጃው ራሳቸውን እንዲህ ብለው እንዲጠይቁ ተነገራቸው፦ ይህ ጥናት በዚሁ ዘዴ ተሠርቶ ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ እንዲሁ አመሰግነው ወይም እንዲሁ እነቅፈው ነበር? አድልዎው በእነዚህ ላይ የጠፋ ያህል ሆነ።

ስለዚህ «አእምሮህን ክፍት አድርግ» የሚለው ምክር ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ። የተመከረው ሰው አእምሮው ክፍት እንደሆነ ቀድሞውኑ ያምናል። አላዳላም ብሎ መማልም ያው ነው። የሚሠራው የተወሰነ ጥያቄ ነው። ብልህነትም ብዙ አያድንም፤ ብልህ ሰው ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር ከሌላው የተሻለ ሰበብ ያገኛል፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ባለሙያዎችስ? ለዚህ የጨጓራን ታሪክ የሚያህል አላውቅም። ዛሬ አዲስ አበባ ዳር ያለ ትንሽ ክሊኒክ እንኳ ሆዱን ለሚያመው ሰው «ኤች ፓይሎሪ እንመርምር» ይላል፤ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከ40 ዓመት በፊት ግን የዓለም ሐኪሞች በሙሉ ማለት ይቻላል የጨጓራ ቁስለት ከአሲድና ከጭንቀት ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ጨጓራ ውስጥ ያ ሁሉ አሲድ እያለ ባክቴሪያ አይኖርም ይባል ነበር። ለዚህም ማስረጃ ነበራቸው። በ1954 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1,000 በላይ ሰዎች የጨጓራ ናሙና መርምሮ ባክቴሪያ አላገኘም። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለማየት የተጠቀመበት ማቅለሚያ ባክቴሪያውን በደንብ የሚያሳይ አልነበረም።

ከዚያ በ1970ዎቹ ሲሜቲዲን የሚባል መድኃኒት መጣ። አሲድ ይቀንሳል፣ ቁስሉም ይድናል። «ይኸው፣ አሲድ ነው!» ተባለ። መድኃኒቱ ሲቆም ቁስሉ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይህ «መንስኤው ሌላ ይሆን?» ሊያስብል ይገባ ነበር። የተባለው ግን «በሽታው ሥር የሰደደ ስለሆነ መድኃኒቱ ይቀጥል» ነው። የጋሼ ቫልቭ ነጭ ጋውን ለብሶ መጣ ማለት ነው።

አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የሚባል ፓቶሎጂስት (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) በ1979 ከታመመ ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ፣ ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለውን፣ አየ። ከሌሎች ናሙናዎችም ያገኝ ጀመር። ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል አብሮት ገባ። ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ ለማብቀል ቢሞክሩ እምቢ አለ፤ ላብራቶሪው በሁለት ቀን ካልበቀለ ይጥለው ነበርና። በ1982 የፈረንጅ ፋሲካ በዓል ሆነና ባክቴሪያው የተዘራባቸው የላብራቶሪ ሳህኖች ሳይጣሉ ሰነበቱ። ሲመለሱ በቅሏል። ለካ ቀርፋፋ ኖሯል።

ያም ሆኖ የሚሰማቸው ጥቂት ነበር። በ1984 ማርሻል ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን አስመርምሮ፣ ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ጠጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመረው፣ አፉም ይሸት ጀመር። እንደገና ሲመረመር ጨጓራው ተቆጥቷል፣ ባክቴሪያውም አለ። እዚህ ላይ ለተጠራጣሪዎቹም ፍትሕ እናድርግ፦ ይህ የጨጓራ መቆጣትን እንጂ ቁስለትን አላረጋገጠም፤ የአንድ ሰው ሙከራም ነው። ያሳመነው በኋላ የመጣው ነው፤ ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ሲጠፋ ቁስሉ የሚመለሰው በጣም ጥቂት ሰው ላይ መሆኑ። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ባክቴሪያው ያለባቸው የቁስለት ሕመምተኞች አንቲባዮቲክ እንዲሰጣቸው መከረ። በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ።

እኛ ሰፈር ግን ዛሬም ጥፋተኛው በርበሬ ነው። በርበሬ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ የቁስለት ዋና መንስኤዎች ይኸው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ወጥ በልቶ ያመመውን ቀን ሁሉም ያስታውሳል። አልጫ በልቶ ያመመውን ቀን ማን ይቆጥራል? (ይህን አንብባችሁ ደግሞ ፋርማሲ ሄዳችሁ አንቲባዮቲክ እንዳትገዙ። መጀመሪያ ምርመራ ነው።)

ሐሳብን ለመቀየር ዝግጁ መሆን ማለት ታዲያ የሰማኸውን ሁሉ መቀበል አይደለም። ቴሌግራም ላይ «ሐኪሞች የደበቁት መድኃኒት» የሚልህን ሰው አምነህ መቀበል ተላላነት ነው። ዋረንና ማርሻል የተለየ ነገር ስላሉ አይደለም የተሰሙት። ስህተት ከሆኑ የሚያጋልጣቸውን ፈተና ራሳቸው ስላቀረቡ ነው። ስልክም እንዲሁ ነው። «ቡና ለጤና ያለው ጥቅም» ብላችሁ ፈልጉ፤ ጥቅሙን ይደረድርላችኋል። «ቡና ለጤና ያለው ጉዳት» በሉ፤ ጉዳቱን ይደረድራል። አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው አነበብኩ ባይል ይሻላል።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ይሉኝታ ነው። በእድር ወይም በብሎክ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። «ወላዋይ»፣ «ትናንት ምን ስትል ነበር?» ይባላል። ማስረጃውን አይቶ በልቡ የተቀበለ ሰው እንኳ ይህን ፈርቶ ይደርቃል። ማስረጃ ያጣ ሳይሆን መውጫ ያጣ ሰው ብዙ ነው።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ክርክሩ ሳይግል፣ ማስረጃው ሳይመጣ፣ ምን ቢታይ ሐሳብህን እንደምትተው ቀድመህ ተናገር። ጋሼ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ «ደብተሩ ይያዝ፤ ጎረቤት ብሎክም በዚያው ሰዓት ውሃ ከጠፋበት እኔ ስለ ቫልቩ አንድ ቃል አልናገርም» ቢሉ፣ በወሩ ደብተሩ ሲነበብ የተረቱ ሰው አይሆኑም። ቃላቸውን የጠበቁ ሰው ይሆናሉ። ያኔ አንዱ ተነስቶ «ትናንት ምን ሲሉ ነበር?» ቢላቸው «ትናንትም ያልኩት ይህንኑ ነው» ብለው ይቀመጣሉ።